ከለንደን ሮም ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰዓት? ርቀትንና የበረራ ጊዜን በራሳችሁ የምታሰሉበት ዝርዝር መመሪያ

ከለንደን ሮም በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ "ሁለት ሰዓት ከምናምን" ይላል። ሌላው ትኬቱ ላይ ያለውን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ቀንሶ "ሦስት ሰዓት ተኩል" ይላል። ሦስተኛው ሰሞኑን ደርሶ የመጣ ነው፤ "ኧረ ቀንህን ነው የሚበላው" ብሎ ይገላግላችኋል። ሦስቱም አልዋሹም። የለኩት ነገር ግን ለየቅል ነው።

ርቀቱም እንደዚያው ነው። 1,406፣ 1,434፣ 1,444፣ 1,459፣ 1,850 ኪሎ ሜትር። ሁሉም የለንደንና የሮም ርቀት ነው ቢባል ስህተት የለበትም። ስለዚህ ካልኩሌተር ከመክፈታችሁ በፊት ቁጥሩን ለምን እንደፈለጋችሁት ለዩ። ትኬት ለማወዳደር የሚያስፈልገው ቁጥር አንድ ነው። ኤርፖርት ሄዶ እንግዳ ለመቀበል ሌላ ነው። ለዘገየ በረራ ካሳ ለመጠየቅ ደግሞ ጭራሽ ሌላ።

ይህን መስመር ለምሳሌ የመረጥኩት ሰውን የሚያሳስቱ ነገሮች በሙሉ ስላሉበት ነው። የሰዓት ልዩነት አለው። ብዙ ኤርፖርት አለው። ርቀቱ ደግሞ የካሳ ሕጉ መጠን የሚለወጥበት ድንበር አጠገብ ነው። በሁለቱም ከተማ ዘመድ ያለው ሀበሻም ብዙ ነው። ዘዴውን አንዴ ከያዛችሁት ለስቶክሆልምና አቴንስ፣ ለፍራንክፈርትና ሊዝበንም ያው ነው።

እርምጃ 1፦ ከየትኛው ኤርፖርት ወደ የትኛው እንደሆነ ለዩ

ትኬት ፍለጋ ላይ "ለንደን" ብላችሁ ስትጽፉ ሲስተሙ ስድስት ኤርፖርቶችን አንድ ላይ ይፈልጋል፦ ሂትሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተን፣ ለንደን ሲቲና ሳውዝኤንድ። ሮም ደግሞ ሁለት አላት። ትልቁ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ፊዩሚቺኖ ነው። ትንሹ ቻምፒኖ ይባላል፤ ወደ መሐል ከተማ የሚቀርበው እሱ ነው።

በቀጥታ መስመር ሲለካ ከሂትሮው ፊዩሚቺኖ 1,444 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጋትዊክ ፊዩሚቺኖ 1,406 ይሆናል። ከስታንስቴድ ቻምፒኖ 1,459። በአጭሩና በረጅሙ መካከል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ልዩነት አለ ማለት ነው። ለአውሮፕላን ይህ አራት ደቂቃ ነው፤ ምንም አይደለም። ነገሩ የሚከፋው መሬት ላይ ነው። ስታንስቴድ ከመሐል ለንደን ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መሐል ለንደን ካለው ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ በባቡር 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ቤታችሁ ደቡብ ለንደን ከሆነ ሊቨርፑል ስትሪት ለመድረስ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ።

በዚህ ጉዳይ የኤርፖርት ስም አትመኑ። ፍራንክፈርት ሃን የሚባለው ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስቶክሆልም ስካቭስታ ከስቶክሆልም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፓሪስ ቦቬ ከፓሪስ ወደ 85። ትኬቱ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አንዳንዴ ይኸው ነው። ካርታ ላይ ሳታዩ አትክፈሉ።

እርምጃ 2፦ ቀጥታ ርቀቱን በስልክ ለኩ

ቀላሉ መንገድ ጉግል ማፕስ ነው። መነሻው ኤርፖርት ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጉና ቆዩ። ፒን ይተከላል። ከስር ከሚመጣው ዝርዝር ርቀት መለኪያውን ምረጡ። ከዚያ ካርታውን እያንሸራተታችሁ መድረሻው ኤርፖርት ላይ አቁሙ። ቁጥሩ ከታች ይነበባል። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ጠቅ ስታደርጉ ያው ምርጫ ይመጣል።

ይህ ቁጥር ቀጥታ ርቀት ነው። ምድር ክብ ስለሆነች "ቀጥታ" ስንል በምድር ገጽ ላይ ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው አጭሩ መስመር ማለታችን ነው፤ ታላቁ ክብ ይሉታል። የመኪና መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው። ለንደንና ሮም በመኪና 1,850 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ በየት በኩል አልፕስን እንደምታልፉ ይወስነዋል። የመንገዱን ቁጥር ወስዶ የበረራ ሰዓት የሚያሰላ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ይሳሳታል።

እርምጃ 3፦ በእጃችሁ ማስላት ከፈለጋችሁ

የማትፈልጉ ወደ ቀጣዩ እርምጃ እለፉ፤ አልቀየምም። እኔ ግን አንድ ጊዜ በእጅ መሥራትን እመክራለሁ። ሌላ ሰው የጻፈው ቁጥር ልክ ይሁን አይሁን በደቂቃ ውስጥ ማወቅ ትችላላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ የከተሞቹ ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ነው። መሐል ለንደን 51.51 ዲግሪ ሰሜን፣ 0.13 ዲግሪ ምዕራብ ነው። መሐል ሮም 41.90 ዲግሪ ሰሜን፣ 12.50 ዲግሪ ምሥራቅ።

መጀመሪያ የሰሜንና ደቡቡን ልዩነት ውሰዱ። 51.51 ሲቀነስ 41.90፣ 9.61 ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር የመጣው ከመርከበኞች ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ አለው፤ አንዷ ደቂቃ አንድ ኖቲካል ማይል ናት፤ አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። አባዙት፣ 111.12 ይመጣል። ስለዚህ 9.61 በ111 ሲባዛ 1,067 ኪሎ ሜትር። ሮም ከለንደን ወደ ደቡብ ይህን ያህል ዝቅ ትላለች።

ቀጥሎ የምሥራቅና ምዕራቡ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ለንደን ከግሪንዊች መስመር በስተምዕራብ ናት፣ ሮም በስተምሥራቅ። ስለዚህ ይደመራል እንጂ አይቀነስም፦ 0.13 እና 12.50፣ 12.63 ዲግሪ። ለለንደን ቢሳሳቱት ብዙ አይጎዳም፤ ለሊዝበን ግን ጉድ ነው። ሊዝበን 9.14 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነች ከሮም ጋር ያላት ልዩነት 21.64 ዲግሪ ነው። የቀነሰ ሰው 3.36 ብሎ ሊዝበንን ጎረቤት ያደርጋታል።

አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ግን ሁልጊዜ 111 ኪሎ ሜትር አይደለም። ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር መስመሮቹ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። ስለዚህ የሁለቱን ከተሞች አማካይ ኬክሮስ ትወስዳላችሁ፤ 46.7 ዲግሪ ነው። ካልኩሌተራችሁ ላይ "ኮስ" (cos) የሚለውን ተጭናችሁ 46.7ን አስገቡ። 0.686 መምጣት አለበት። ካልመጣ ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ ሳይሆን ራዲያን ላይ ነው፤ ቀይሩት። አሁን 12.63 በ111፣ በ0.686 ሲባዛ 962 ኪሎ ሜትር ገደማ።

አሁን ደቡብ 1,067፣ ምሥራቅ 962 አላችሁ። የቀረው የስምንተኛ ክፍሉ ፓይታጎረስ ነው። ሁለቱን ለየብቻ በራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። 1,437 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የምድርን ክብነት በሙሉ ያገናዘበው ቀመር 1,434 ነው የሚሰጠው። ሦስት ኪሎ ሜትር ነው የተሳሳትነው፤ ለወረቀትና እስክሪብቶ ሥራ በቂ ነው። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ሩቅ ምሥራቅ ለሚሄድ መስመር ግን ይህን ዘዴ አትጠቀሙ። ርቀቱ ሲበዛ ስህተቱም አብሮ ይገዝፋል።

እርምጃ 4፦ ርቀቱን ወደ በረራ ጊዜ ለውጡ

በዚህ መስመር የሚበሩት አብዛኞቹ ኤርባስ 320 እና ቦይንግ 737 ቤተሰብ ናቸው። ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራሉ። ብዙ ሰው 1,444ን ለ830 አካፍሎ "አንድ ሰዓት ከ44 ደቂቃ" ይልና ትኬቱ ሲመጣ ይደነግጣል። የጎደሉት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ አውሮፕላን ቀጥታ መስመሩን አይከተልም። በነፋሱ አቅጣጫ ይነሳል፤ ከሂትሮው ብዙ ጊዜ ወደ ምዕራብ ማለት ነው፣ ሮም ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ናት። ከዚያ የተመደበለትን የአየር መንገድ ይይዛል፤ ለወታደር የተዘጋ ክልልና የነጎድጓድ ደመና ይዞራል። ሮም ሲቃረብ ደግሞ ወረፋውን ይጠብቃል። 1,444 የነበረው 1,500 ቢሆን አይግረማችሁ።

ሁለተኛ፣ ሙሉውን መንገድ በሙሉ ፍጥነት አይሄድም። ከ10,000 ጫማ በታች በአብዛኛው ከ250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ463 ኪሎ ሜትር በላይ አይፈቀድም። መውጣቱና መውረዱ በድምሩ 15 ደቂቃ ገደማ ይጨምራል።

ሦስተኛ፣ ትኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት አየር ላይ የምትቆዩበት ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከበሩ ከተላቀቀበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ያለው ሁሉ ይቆጠራል። ሂትሮው ላይ ተሰልፎ መንደርደሪያው ጋ ለመድረስ ብቻ ሩብ ሰዓት ይሄዳል።

አንድ ላይ ስናደርገው፦ 1,500 ለ830፣ አንድ ሰዓት ከ48 ደቂቃ። ለመውጣትና መውረድ 15። መሬት ላይ ለመንከባለል 25። ድምሩ 2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ። አየር መንገዶች በዚህ መስመር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚጽፉት ከዚህ የተነሳ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ትንሽ መጠባበቂያ ያስገባሉ። "ከሰዓታችን 15 ደቂቃ ቀድመን አርፈናል" ብሎ ካፒቴኑ ሲያበስር ያ መጠባበቂያ ሳይነካ ቀርቷል ማለት ነው እንጂ አውሮፕላኑ ተዓምር አልሠራም።

ይህን ሁሉ መቁጠር ለሚሰለቸው አቋራጭ አለ። ቀጥታ ርቀቱን ለ800 አካፍሉ፣ 40 ደቂቃ ጨምሩ። ለንደንና ሮም፦ 1,444 ለ800፣ አንድ ሰዓት ከ48፤ ሲደመር 40፣ 2 ሰዓት ከ28። ስቶክሆልምና ሮም፦ 1,976 ኪሎ ሜትር ነው፤ 2 ሰዓት ከ28 ሲደመር 40፣ 3 ሰዓት ከ8። ይህም ከእውነተኛው ትኬት ብዙ አይርቅም። በጣም አጭር መስመር ላይ ግን አቋራጩ ያሳንሳል። ከለንደን ፓሪስ አንድ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ይላችኋል፤ ትኬቱ ላይ ግን ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ይጻፋል። አጭር በረራ ላይ መሬት ላይ የሚባክነው ነው የሚበዛው።

እርምጃ 5፦ የነፋሱን ድርሻ ጨምሩ

ሲሄዱና ሲመለሱ ሰዓቱ እኩል አይሆንም። በአውሮፓ ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ነፋስ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ጄት ስትሪም የሚሉት ጠንካራው የዚህ ክፍል ነው፤ በክረምታቸው ይበረታል። ወደ ሮም ስትሄዱ ይገፋችኋል፣ ወደ ለንደን ስትመለሱ ይቃወማችኋል።

በቁጥር እንየው። ነፋሱ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይግፋ እንበል። 1,500ን ለ890 ስናካፍል 101 ደቂቃ ነው። ሲመለሱ 1,500 ለ770፣ 117 ደቂቃ። 16 ደቂቃ ልዩነት ከነፋስ ብቻ። በዚህ ላይ ሂትሮው ለማረፍ ወረፋ የሚበዛበት ኤርፖርት ስለሆነ አየር ላይ መዞር አለ። ለዚህ ነው የመመለሻው ትኬት ላይ 2 ሰዓት ከ45 የምታዩት። እንደ ስቶክሆልምና ሮም ሰሜንና ደቡብ የሆነ መስመር ላይ ይህ ልዩነት ይጠባል።

እርምጃ 6፦ የሰዓት ልዩነቱን አስተካክሉ

አብዛኛው ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የመድረሻው ከተማ ነው። ሮም ከለንደን ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። በሰመርም በዊንተርም ያው ነው። ሁለቱም አገሮች ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በአንድ ቅጽበት ነውና፤ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ በግሪንዊች ሰዓት 01:00 ላይ።

ስለዚህ ከለንደን 10:00 ተነስቶ ሮም 13:30 የሚደርስ በረራ ሦስት ሰዓት ተኩል ይመስላል። አንድ ሰዓት ቀንሱ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከሮም 15:00 ተነስቶ ለንደን 16:45 የሚደርሰው ደግሞ አንድ ሰዓት ከ45 ይመስላል። አንድ ሰዓት ጨምሩ፤ 2 ሰዓት ከ45 ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ከልዩነቱ ላይ ቀንሱ፣ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ጨምሩ። ያላመነ ሰው ሁለቱንም ወደ ግሪንዊች ሰዓት ይለውጥና ይቀንስ።

ለእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 13:30 ማለት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው። 06:25 ማለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ25። ሮም ለምትቀበላችሁ አክስታችሁ "6 ከ25 ነው የምደርሰው" ብላችሁ ስልኩን ከዘጋችሁ፣ እሷ ምሳ አዘጋጅታ እኩለ ቀን ላይ ኤርፖርት ብትገኝ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ቀኑም እንደዚያው ነው። ከሮም ተነስቶ ዘግይቶ ቅዳሜ 00:20 ስታንስቴድ የሚያርፍ በረራ በእኛ አነጋገር ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:20 ነው። "ቅዳሜ ማታ" ብሎ የሰማ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። መልእክት ስትልኩ የትኬቱን ፎቶ አያይዙ፤ ከስሩ በሀበሻ አቆጣጠር ሰዓቱን ጻፉ።

አዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ የምትደውሉ ከሆነ ደግሞ ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም። ከለንደን በዊንተር ሦስት ሰዓት፣ በሰመር ሁለት ሰዓት ትቀድማለች። ከሮም በዊንተር ሁለት፣ በሰመር አንድ።

እርምጃ 7፦ ከቤት እስከ ቤት ያለውን ደምሩ

"ቀንህን ነው የሚበላው" ያለው ሰው የለካው ይህንን ነው። እውነተኛውን ውሳኔ የሚወስነውም ይኸው ይመስለኛል። ለንደን ካለው ፓዲንግተን ጣቢያ ተነስታችሁ ሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ እስክትወርዱ እንቁጠር።

በኤልዛቤት መስመር ከፓዲንግተን ሂትሮው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ባቡር መጠበቁንና ተርሚናሉ ድረስ መራመዱን ጨምራችሁ 45 ደቂቃ በሉት። ሂትሮው ኤክስፕረስ በ15 ደቂቃ ያደርሳል፤ ዋጋው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ትገኛላችሁ። በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል። ፊዩሚቺኖ ላይ ከአውሮፕላን ወርዶ ፓስፖርት አስመትቶ ለመውጣት 45 ደቂቃ፤ ያውም የእጅ ሻንጣ ብቻ ከያዛችሁ። ባቡሩን ለመጠበቅ 20 ደቂቃ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ተርሚኒ ለመድረስ 32 ደቂቃ። ድምሩ 6 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል የነበረው ሰባት ሰዓት ሆነ።

የፓስፖርቱን ወረፋ አትናቁት። እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም በመካከላቸው ፓስፖርት በማይፈተሽባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ውስጥ፣ ስለሌለች እያንዳንዱ የለንደንና የሮም በረራ ድንበር ያቋርጣል። በዚያ ላይ ከኦክቶበር 12፣ 2025 ጀምሮ የሸንገን አገሮች የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነን ጎብኚ አሻራና ፎቶ የሚመዘግብ ሥርዓት ማስገባት ጀምረዋል። የእንግሊዝ ፓስፖርት ያለውም ከዚህ አያመልጥም። ከስቶክሆልም ሮም ለሚሄድ ሰው ግን ይህ ወረፋ የለም፤ ሁለቱም ሸንገን ናቸው። ስለዚህ በአየር ላይ 40 ደቂቃ የሚረዝመው የስቶክሆልሙ ጉዞ ከቤት እስከ ቤት ሲቆጠር ከለንደኑ ጋር ሊቀራረብ ይችላል።

በባቡርስ? ሮማንስ ለሚወድ አለ። ዩሮስታር ከለንደን ፓሪስ 2 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ፓሪስ ላይ ከጋር ዱ ኖር ጣቢያ ወደ ጋር ደ ሊዮን ጣቢያ መሻገር አለ። ከዚያ ሚላን ሰባት ሰዓት ገደማ፤ ይህ መስመር በኦገስት 2023 ፈረንሳይ ውስጥ በደረሰ የመሬት መንሸራተት ተዘግቶ የተከፈተው በማርች 2025 መጨረሻ ነው። ከሚላን ሮም በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል። መንገድ ላይ ብቻ 12 ሰዓት ከ20 ነው፤ መቀያየሩ ሲጨመር ሚላን ወይም ቶሪኖ አድሮ መቀጠል ይሻላል። ለንደንና ፓሪስ፣ ወይም ሚላንና ሮም ላይ ግን ፍርዴ ሌላ ነው። ቀጥታ ርቀቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በታች ሆኖ ፈጣን ባቡር ካለ ባቡሩን ያዙ። አውሮፕላኑ የሚያተርፍላችሁ ሰዓት የለም።

እርምጃ 8፦ ትራንዚት ካለው እንደገና አስሉ

በፍራንክፈርት በኩል ስትሄዱ ከሂትሮው ፍራንክፈርት 655፣ ከፍራንክፈርት ፊዩሚቺኖ ደግሞ 960 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምሩ 1,615። ርቀቱ ብዙ አልጨመረም፤ ግን ያ በእርምጃ 4 አቋራጭ ላይ ያየነው የ40 ደቂቃ ጭማሪ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፣ መሐል ላይ መጠበቅም አለ። አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ። ፓስፖርት የሚታየው ሮም ሳይሆን መጀመሪያ ሸንገን የምትገቡበት ፍራንክፈርት ላይ ነው። 45 ደቂቃ ትራንዚት ያለው ትኬት ርካሽ ቢሆንም እኔ አልገዛውም። ሁለቱን በረራ ለየብቻ ከገዛችሁት ደግሞ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም፤ ገንዘቡም አይመለስም።

እርምጃ 9፦ ለካሳ የሚቆጠረውን ርቀትና ሰዓት እወቁ

እዚህ ላይ ቁጥሩ ገንዘብ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአየር መንገዱ ጥፋት መድረሻችሁ ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገያችሁ፣ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ለሆነ በረራ 250 ዩሮ ካሳ አለ። በኅብረቱ ውስጥ ከዚያ ለሚበልጥ 400 ዩሮ ነው። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ያንኑ ሕግ በራሷ ገንዘብ አስቀርታዋለች፤ 220 እና 350 ፓውንድ። መጥፎ አየር ወይም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ ከሆነ ካሳ የለም፤ ምግብና ማደሪያ ግን የመጠየቅ መብት አላችሁ።

የሚቆጠረው ርቀት ቀጥታው ነው። ለንደንና ሮም በየትኛውም ኤርፖርት ብትሉት ከ1,500 በታች ናቸው። ስቶክሆልምና ሮም ከዚያ በላይ። ትራንዚት ያለው ትኬትስ? በ2017 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ይህ ጥያቄ ቀርቦለት ነበር። ከሮም በብራስልስ በኩል ሐምቡርግ የሄዱ መንገደኞች ነበሩ። በሁለቱ በረራ ሲደመር 1,656 ኪሎ ሜትር ተጉዘዋል፤ ከሮም ሐምቡርግ ቀጥታው ግን 1,326 ነው። ፍርድ ቤቱ የሚቆጠረው ቀጥታው ነው አለ፤ ካሳው 250 ዩሮ ሆነ። እንግዲህ በፍራንክፈርት በኩል 1,615 ኪሎ ሜትር ብትበሩም በሕጉ ዓይን 1,444 ነው የተጓዛችሁት።

የመድረሻ ሰዓቱም የራሱ ትርጉም አለው። በ2014 ያው ፍርድ ቤት ከሳልዝቡርግ ወደ ኮሎኝ ቦን የበረረ አውሮፕላን ጉዳይ አየ። ጎማው መሬት ሲነካ መዘግየቱ 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነበር። ማቆሚያው ላይ ሲደርስ 3 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ሆነ። አየር መንገዱ የመጀመሪያውን ይዞ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ደረሱ የሚባለው ቢያንስ አንዱ በር ተከፍቶ መንገደኛ መውጣት ሲችል ነው ብሎ ወሰነ። አምስት ደቂቃ ካሳውን አስገኘች።

ስለዚህ በረራችሁ ዘግይቶ ወደ ሦስት ሰዓቱ ሲጠጋ በሩ የተከፈተበትን ደቂቃ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ የተከፈተውን በር ፎቶ ብታነሱት ሰዓቱ አብሮ ይመዘገባል። ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉ። ማመልከቻውን መጀመሪያ የምታቀርቡት ለአየር መንገዱ ራሱ ነው፤ በነፃ ነው፣ ኮሚሽን የሚቆርጥ አማላጅ ድርጅት አያስፈልግም። ሕጉ እንዲሻሻል የቀረበ ሐሳብ ስላለ የሰዓቱንም የገንዘቡንም መጠን ከማመልከታችሁ በፊት የወቅቱን አረጋግጡ።